አጎቴ የገዙት የኢንተርኔት ስም

ሞላሌ ገበያ በግ የሚገዛ ሰው የሻጩን ወሬ አይሰማም። ወገቡን ይዳስሳል፣ ላቱን በእጁ ይመዝናል። አጎቴ በዚህ የታወቁ ናቸው፤ እሳቸው የዳሰሱትን በግ ሌላው ዓይኑን ጨፍኖ ይገዛዋል።

አንድ የገበያ ቀን ታዲያ የኮምፒውተር ሱቄ ገብተው ስልካቸውን ሰጡኝ። ደላላ አግባብቷቸው የድረ ገጽ ስም ገዝተዋል፤ ከየትኛው አገር ቋንቋ እንደተቦጨቀ የማይታወቅ የፈረንጅ ቃል።

"መልሼ ብሸጠው ብዙ ያወጣል ተብሏል፤ እስቲ እየው" አሉኝ።

ተቀብዬ አየሁት። ብዙ ሺህ ዶላር ያወጣል ብሎ የገመተው ስሙን የሸጠላቸው ድርጅት ራሱ ነው! ቃሉን ኢንተርኔት ላይ ፈለግሁት፤ የሚነግድበት ቀርቶ የሚጠራውም ሰው የለም።

"ጋሼ፣ የገዛ በጉን ሲያሞግስ የዋለ ሻጭ አምነው ያውቃሉ? ይኼ ስም ምንም አያወጣም" አልኳቸው።

ደላላውን ይረግሙታል ብዬ ጠበቅሁ። እኚህ ሰው እኮ በጋቸው ካሳለ "ታሟል" ብለው ለገዢው ተናግረው፣ ሳይሸጡት እየጎተቱ ወደ ቤት የሚመለሱ ናቸው።

ስልኩን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

"እንግዲያው ሌላው ሳይነቃ ቶሎ ሽጥልኝ።"

"ለማን ነው የምሸጠው፣ ጋሼ?"

"ለማንም ይሁን። እዚያ ኢንተርኔቱ ላይ እንደሆነ ገዢው ፊቴን አያይም።"