ያጠብኩት ብርጭቆ

ልጅ ሳለሁ አምቡሊ ሰፈራችን መብራት ሲጠፋ ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ያኔ አጎቴ ዩሱፍ ዓሣ ከተጠበሰበት ፍም አጠገብ ምንጣፍ አንጥፎ፣ የፋኖሱን ክር ዝቅ አድርጎ ወሬውን ይጀምራል። በእሱ ተረት ጅብና አያ አንበሶ የሉም። የጭነት መኪና ከመያዙ በፊት አፋር በረሃ ውስጥ ለአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ሰዎች ሾፌር ስለነበር፣ የሚያወራን ስለ ሸክላ ስባሪና ስለ ድንጋይ ቢላ ነበር።

«ፈረንጆቹ ምሳ ላይ ሳሉ አንድ የድንጋይ ቢላ ከጉድጓዱ ነቅዬ፣ በሳሙና ፈትጌ፣ በሞተር ዘይት ወልውዬ አለቃችን ፊት አስቀመጥኩ። ይሸልመኛል ስል ራሱን ያዘ! ከየትኛው አፈር አነሳኸው ቢለኝ ምን ልመልስ? ወይ ጣጣ! ዕቃ ከቦታው ከተነሳ ዲዳ ነው። የታችኛው አፈር የቀደመው ዘመን ነው፣ የላይኛው የኋለኛው።» እኛ በሳቅ ፍርስ!

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ አያቴ በቀትር እንቅልፋቸው ላይ እንዳሉ አረፉ። እናቴ ለሠርግ ድሬዳዋ ሄዳ ስለነበር ቀብራቸው ላይ አልደረሰችም። «አባዬ ብቻውን ተጨንቆ ይሆን?» እያለች እህል አልቀምስ አለች። አጎቴ ግን ማንም እንዳይነካው ክፍሉን ቆልፎ ጠብቋት ነበር፤ እጇን ይዞ አስገባት፣ እኔም ተከተልኳቸው።

ከሶላት በፊት ታጥበው የሚያደርቁበት የውዱእ ፎጣቸው ገመድ ላይ ተዘርግቷል። መስገጃቸው ታጥፏል፣ መነጽራቸው በላዩ ላይ ነው።

«አየሽ፣ መነጽሩ ከላይ ነው» አላት አጎቴ። «መጀመሪያ ሰገደ፣ መስገጃውን አጠፈ፣ ከዚያ አወለቀው። የተጨነቀ ሰው ፎጣ ይዘረጋል እንዴ?»

«ከመተኛቱ በፊት ሻይ የሚጠጣበት ብርጭቆስ የታለ?» አለች እናቴ።

ክው አልኩ። ለቀስተኛ ሲመጣ ቤቱ እንዳይዝረከረክ ብዬ፣ አጎቴ ክፍሉን ከመቆለፉ በፊት ብርጭቆውን አጥቤው ነበር። «እኔ አጠብኩት» አልኳት።

«ጠጥቶት ነበር? ባዶ ነበር?» ዓይኗ ይለምነኛል። አዎ ብላት ደስ እንደሚላት አውቃለሁ።

«አላስታውስም» ብዬ አለቀስኩ።

እናቴ ሳብ አድርጋ አቀፈችኝ። «ይሁን የኔ ልጅ። ልታጽናኑኝ ብላችሁ ቢሆን አንቺም አዎ ትዪኝ ነበር፤ ይህን ስላልዋሸሽኝ፣ አጎትሽ ያለውን ሁሉ አመንኩት» አለች። ያን ምሽት እራቷን በላች።

ዛሬ እንጀራዬ ቁፋሮ ነው። ተማሪዎቼ ወርቅና ዘውድ ይጠብቃሉ፤ እኔ ግን እያንዳንዱ ነገር የት እንደነበር መጻፍ አስተምራቸዋለሁ። የማናውቀው ላይ ስንደርስ «አይታወቅም» ብዬ ስጽፍ ቅር አይለኝም፤ እናቴ እፎይ ያለችው እኔ «አላስታውስም» ስላት ነው።