ሽንት ቤት የገባው አንበሳ

እኛ የሆንግ ኮንግ የዩን ሎንግ ሰፈር አንበሳ ጨፋሪዎች ነን፤ ሁለት ሰው በአንድ የአንበሳ ቆዳ ውስጥ ገብቶ ይጨፍራል። እኔ ከበሮ እመታለሁ፣ ፑይላም የአንበሳው ራስ ነው፣ የአክስቱ ልጅ ሶ ደግሞ ከኋላ አጎንብሶ ጅራት ይሆናል።

ፑይላም ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ካራኦኬ ቤት ኬታሚን የሚባለውን አደንዛዥ ዱቄት በአፍንጫው ሲምግ ኖሯል። ኋላ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይይዘው ጀመር፤ ከዚያም ያቃጥለው ገባ። ሕመሙን ለማስታገስም ያንኑ ዱቄት ይምጋል። ስንጠይቀው፣ «ሻይ አብዝቼ ነው» ይለናል።

አንድ ቀን አዲስ የዓሣ ምግብ ቤት ሲመረቅ ልንጨፍር ሄድን። አንበሳው ለመልካም ዕድል የተሰቀለለትን ሰላጣ ሊበላ አፉን ከፈተና፣ ድንገት ዞሮ ወደ ጓዳ ሮጠ። ጅራት ምን ምርጫ አለው፣ ተከተለ። እኔም ከበሮዬን አፈጠንኩት፤ እንግዶቹ የጭፈራው አካል መስሏቸው አጨበጨቡ።

«ምን ልታሳየኝ ነው ያመጣኸኝ?» አለ ሶ፣ ሽንት ቤት ውስጥ።

«ዝም ብለህ ቆዳውን ያዝልኝ።»

ሶ አንገቱን አሾልኮ ሲያይ ደም ነው። «ይሄ ነው ሻዩ?»

«ቀይ ሻይ ነዋ» አለ ፑይላም።

በማግስቱ ሶ እየጎተተ ክሊኒክ ወሰደው። ምርመራው ሲያልቅ ነርሷ ወይዘሮ ላው አስቀመጠችው። «ፊኛህ ቆስሎ ተጨማትሯል፤ አሁን የሚይዘው አንድ ጉንጭ ነው። መድኃኒቱ የሚሠራው ዱቄቱን ካቆምክ ነው።»

«ቀስ በቀስ ብቀንስስ?»

«ታቆማለህ።»

«ለበዓል ብቻስ?»

«ለበዓል ዳይፐር እገዛልሃለሁ።»

ፊኛውን ከውስጥ የሚሸፍን ፈሳሽ በቀጭን ቱቦ ይገባል ተባለ። ቱቦው በየት በኩል እንደሚያልፍ ሲነገረው አንበሳነቱ ሁሉ ተነነ። ሶ እጁን ያዘለት፤ ደግሞም ሳቀበት።

እንደምንም አቆመ። በአንድ ሠርግ ማግስት ግን ተሳስቶ ቀመሰ፤ ሕመሙም ተመለሰ። ማንም ሳይሰድበው ራሱ ክሊኒክ ደወለ። ወይዘሮ ላው «ና» ብቻ አለችው።

ፊኛው እንደ ድሮው አልሆነም፤ አይሆንምም አሉት። ደሙ ግን ቆሟል፣ አንድ ጭፈራም ሽንት ቤት ሳይሮጥ ይጨርሳል። ባለፈው ጭፈራውን ሳንጀምር አንዱ ባለ ሱቅ፣ «ምን ትጠብቃላችሁ?» ብሎ ጮኸብን።

«አንበሳው እየሸና ነው» አለው ሶ።