የሰንበት ጠጠር

ይህ የሆነው አምና ከፋሲካ በፊት ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው፣ ሰው ልቆጥር ተቀጥሬ ሄጄ አንዲት አሮጊት "ሰው አይቆጠርም" ብለው ሥራዬን ስላበላሹብኝ ነው። እንኳንም አበላሹብኝ።

አስቀድሜ ስለ ራሴ ልናገር፤ ሥራ ላይ አልቆይም። ከሠራዊት ከወጣሁ ወዲህ በሁለት ዓመት አምስት ሥራ ቀይሬያለሁ። ልብስ መሸጥ ሰለቸኝ። ስልክ እያነሱ የሰው ቁጣ መስማት ሰለቸኝ። የመጨረሻውን አለቃዬን ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት "ይሄ የሞኝ ሥራ ነው" ብዬው ወጣሁ። ስለዚህ ጓደኛዬ "ቀኑን ሙሉ ቆመሽ አላፊ አግዳሚውን የምትቆጥሪበት ሥራ አለ" ስትለኝ፣ "ቤሰደር፣ እሺ፣ ቢያንስ ማንም አይጮህብኝም" አልኳት። ተሳስቻለሁ።

ረሆቮት ከተማ ዳር፣ ድሮ የብርቱካን እርሻ በነበረበት ቦታ፣ አዲስ ሰፈር እየተሠራ ነው። ግማሹ ሰው ገብቶበታል፤ ግማሹ ገና ክሬንና አቧራ ነው። መግቢያው ላይ የተተከለው ትልቅ ሰሌዳ "ሁሉም ነገር በእግርዎ" ይላል። ትምህርት ቤቱም፣ ክሊኒኩም፣ ሱቁም፣ መናፈሻውም ለእግረኛ ቅርብ እንዲሆን ታስቦ ነው የተሠራው። እውነት ነው፣ ያምራል። ችግሩ ሌላ ነው። ይህ ሰፈር ከእኛ አሮጌ ሰፈር ጋር ጀርባ ለጀርባ ሆኖ፣ መሃላቸው በቆርቆሮ ታጥሯል። ከእኛ ሰፈር ወደዚያ ለመሄድ በትልቁ መንገድ መዞር ያስፈልጋል። ለእኔ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው፤ ለአሮጊት አንድ ሰዓት።

የቀጠረችኝ ሚካል የምትባል፣ የአዲሱን ሰፈር የእግር መንገዶች የምታቅድ ሴት ናት። "ቆርቆሮው በቅርቡ ይነሳና በቦታው የድንጋይ ግንብ ይሠራል" አለችኝ። "ግንቡ ላይ መተላለፊያ የምንተወው ሰው በሚሄድበት በኩል ብቻ ነው። ማወቅ የምፈልገው ሰው በየት በኩል እንደሚሄድ ነው።" በእጅ የሚጨበጥ ትንሽ መቁጠሪያ ሰጠችኝ። ሰው ባለፈ ቁጥር በአውራ ጣት መጫን ነው። ከዚያ ዋናው በር ላይ አቁማኝ ሄደች።

ዋናው በር ላይ ሁለት ሯጮችና አንድ ውሻ የሚጎትተው ሰውዬ አለፉ። በቃ። በዚያ ላይ ፀሐዩ! ዞር ብዬ ወደ አጥሩ ሳይ ግን፣ ጥግ ላይ ቆርቆሮው ተፈልቅቆ የተከፈተ ቀዳዳ አለ፤ ነጠላ የለበሱ ሴቶች እየተጎነበሱ አንድ በአንድ በዚያ ይገባሉ። ለካ አዲሱ ሰፈር ውስጥ የሞቱ አንድ ሽማግሌ ሰባተኛ ቀናቸው ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ለቅሶ የሚቀር ሰው የለም።

ለሚካል ደወልኩላት። "ያቆምሽኝ ቦታ ትክክል አይደለም። ሰው የሚሄደው በሌላ በኩል ነው።"

"ካቆምኩሽ ቦታ እንዳትነቃነቂ። ከሰዓት እመጣለሁ።"

ተነቃነቅሁ። ቀዳዳው አጠገብ ሄጄ ቆምኩና መጫን ጀመርኩ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ገና ብዙም ሳልቆይ ጎረቤታችን እማማ በላይነሽ መጡ። ከጎንደር በአሥር ዓመቴ ከመጣሁ ጀምሮ ያውቁኛል። አንድ እግራቸውን ቀዳዳው ውስጥ አግብተው ቀና አሉ።

"አንቺ፣ ምንድን ነው እጅሽ ላይ የሚንቀጫቀጨው?"

"መቁጠሪያ ነው፣ እማማ። የሚያልፈውን ሰው እየቆጠርኩ ነው።"

"ምን አልሽ?"

"ሰው እየቆጠርኩ።"

እግራቸውን መልሰው አወጡ። "ለቅሶ የሚሄድ ሰው ትቆጥሪያለሽ? በግ ነን? ሰው አይቆጠርም! እናትሽ አልነገረችሽም?"

ነግራኛለች። እናቴ ስንት ልጅ አለሽ ስትባል ቁጥር አትናገርም፤ ከታላቃችን እስከ ታናሻችን ስም ትጠራለች እንጂ። እኔ ግን ረስቼው ነበር። ትምህርት ቤት ስቆጠር፣ ሠራዊት ውስጥ ጠዋት ማታ ስቆጠር የኖርኩ ሰው ነኝ።

ከእማማ ኋላ የነበሩት ሴቶች ሰሙ። አንዷ "እኔስ ተቆጥሬ አላልፍም፣ ዞሬ እሄዳለሁ" ብላ ተመለሰች። ሌሎቹም ተከተሏት። ደነገጥኩ። እነዚህ ሁሉ በትልቁ መንገድ ከዞሩ፣ ሚካል ወረቀት ላይ የሚጻፈው በዚህ በኩል ማንም አያልፍም ተብሎ ነው። ቃል ማለስለስ አልችልበትም፤ እንዳለ ነገርኳቸው።

"እማማ፣ ካልተቆጠራችሁ ይሄ ቀዳዳ ግንብ ይሆናል። ለዘለዓለም።"

ቀዳዳውን አዩ። ምን እንዳሰቡ አውቃለሁ። ታላቅ እህታቸው እማማ ትርንጎ አዲሱ ሰፈር ውስጥ ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። እግራቸው ታሞ ባለ ጎማ መደገፊያ እየገፉ ነው የሚራመዱት፤ በዚያ ቀዳዳ ሊወጡ አይችሉም። እማማ በላይነሽ ግን ቅዳሜ ሰንበት በመጣ ቁጥር ተጎንብሰው በቀዳዳው ይገቡና ከእህታቸው ጋር ይውላሉ። በሌላ ቀን አንዱ ልጅ በመኪና ያደርሳቸው ይሆናል። በሰንበት መኪና አይሳፈሩም፣ ሃይማኖታቸው አይፈቅድም፤ ጉልበታቸውም ትልቁን መንገድ አይችልም። ግንቡ ከተሠራ ሰንበታቸው አለቀ ማለት ነው።

መሬት መሬቱን አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው አንድ ጠጠር አነሱና አጥሩ ሥር አስቀመጡ።

"ይሄን ቁጠሪ።"

"ጠጠሩን?"

"ጠጠሩን። እኔን አይደለም።" ወደ ኋላ ዞረው ጮኹ። "ኑ ተመለሱ! አንድ አንድ ጠጠር እየጣላችሁ እለፉ። ያላ!"

ሴቶቹ እየሳቁ ተመለሱ። አንድ ወፍራም ሰውዬ "እኔ እንደ ሁለት ሰው ነኝ፣ ሁለት ልጣል?" አለ።

"አንተ አንዱን ጣልና ሆድህን ሰብስበህ እለፍ" አሉት እማማ።

ከሰዓት ሚካል ስትመጣ ክምሩ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ሆኗል። መጀመሪያ ተቆጣች፤ በሩ ላይ ለምን አጣሁሽ አለች። ክምሩን አሳየኋትና ነገሩን አስረዳኋት። ቁጢጥ ብላ ጠጠሮቹን ስታይ ቆየች። "አያቴም የልጅ ልጆቿን አትቆጥርም ነበር" አለች። አያቷ ከየመን መጥተው ሻዓራይም በሚባለው የየመኖች ሰፈር የኖሩ ናቸው። "ሁልጊዜ ይሄን ያህል ሰው ያልፋል?"

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። አፌ ግን ቀደመኝ። "ኧረ አይደለም፣ ዛሬ ለቅሶ ስላለ ነው።"

ፊቷ ተለወጠ። "እንደዚያ ከሆነ ተራ ቀን አይደለም። ይሄን ላስገባው አልችልም።"

እማማ በላይነሽ ከለቅሶ ሲመለሱ ሚካል ምን እንዳለች ጠየቁኝ። ተረጎምኩላቸው። ጭናቸውን መቱ። "አንቺ ልጅ! ይሄ አፍሽ!"

መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ግን የተናገርኩትን መመለስ አይቻልም፤ ደግሞም ውሸት አልተናገርኩም። ክምሩን በእግሬ በተንኩትና ሚካልን "ከባዶ እንጀምር። እስከ እሑድ ጊዜ ስጭኝ። ተራ ቀን እኮ ነው የፈለግሽው" አልኳት። እሑድ ጠዋት ትመጣለች፣ ከዚያ በኋላ ግን ወረቀቱ ግንቡን ለሚሠሩት ይሄዳል አለችኝ።

ማክሰኞ ነበር። ካርቶን ላይ በዕብራይስጥና በአማርኛ "ሲያልፉ አንድ ጠጠር" ብዬ ጽፌ አጥሩ ላይ አሰርኩ። ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ ክምሩ ቀስ እያለ አደገ። አዲሱ ሰፈር ውስጥ ቤት የሚያጸዱ ሴቶች ጣሉ። እኛ ሕንጻ ላይ የሚኖረው ሩሲያዊ ሽማግሌ ምንም ሳይጠይቅ ይጥላል። የለቅሶውን ቀን ያህል አይደለም፤ ግን ክምር ነው።

ቅዳሜ ሄጄ ሳይ አንድም አልተጨመረም። በሰንበት ድንጋይ አይነሳማ! እንዴት አላሰብኩትም? ከሁሉም ቀን የበለጠ ቀዳዳው የሚያስፈልገው በዚያ ቀን ነው፤ ክምሩ ላይ ግን ሰንበት የለችም። እማማ በላይነሽ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ሲመጡ ለመንኳቸው።

"እማማ፣ ዛሬ አንዲት ብቻ..."

"በሰንበት?" አሉኝ። ተጎንብሰው ገቡ።

አፈርኩ፤ ደግሞ ተናደድኩ። እኔ ለእነሱ እሮጣለሁ፣ እነሱ አንዲት ጠጠር ይከለክሉኛል እያልኩ ቤቴ ገባሁ።

እሑድ ጠዋት ሚካል ወረቀቷን ይዛ ክምሩ አጠገብ ቁጢጥ አለች። "የሰንበቱ እዚህ ውስጥ የለም" አልኳት። "ያልተቆጠረ ነገር ልጽፍ አልችልም" አለች። በክፋት አይደለም፤ ሥራዋ ነው።

ግማሽ ያህሉን እንደቆጠረች፣ ከእኛ ሰፈር በኩል አንድ ሽማግሌ መጡ። ጠጠር አንስተው አስቀመጡና በቀዳዳው ሳያልፉ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሚካል አየችኝ። ትከሻዬን ነቀነቅሁ። ከዚያ ሁለት ሴቶች መጡ፤ እነሱም አስቀምጠው ተመለሱ። ከዚያ ሌሎች። በመጨረሻ እማማ በላይነሽ መጥተው ሁለት አስቀመጡ።

"ምንድን ነው፣ እማማ?"

"የትናንቱ ነዋ። አንዱ የመሄጃዬ፣ አንዱ የመመለሻዬ።" እኔን ገልመጥ አደረጉኝ። "ሰንበት ወጥታለች። ረሳን መስሎሽ ነበር?"

ተረጎምኩላት። ሚካል እስክሪብቶዋን ኪሷ ከተተች። ከዚያ ተነሳችና "እንዴት እንደሚያልፉ ያሳዩኝ" አለቻቸው። እማማ ጉልበታቸውን ይዘው፣ ጎንበስ ብለው፣ በጎናቸው ገቡ። ሚካል ተከተለቻቸው። ቆርቆሮው ጃኬቷን ይዞ ቀደደው።

"ንገሪያት" አሉኝ እማማ ከወዲያ ማዶ፣ "እኔ በዚህ ሦስት ነጠላ ጨርሻለሁ።"

ሚካል ቃል አልሰጠችንም። ግን የመጀመሪያው ንድፍ ሲወጣ ግንቡ ላይ መተላለፊያ ነበረው። ደረጃ ያለው። ደወልኩላትና "መደገፊያ የምትገፋ ሴት በደረጃ እንዴት ትወርዳለች?" ብዬ ጮህኩባት። ደረጃው ተሠረዘና ቀስ እያለ የሚወርድ ተዳፋት መንገድ ሆነ።

መተላለፊያው የተከፈተው ዘንድሮ ከአዲስ ዓመቱ በዓላት በኋላ ነው። የመጀመሪያዋ ሰንበት ላይ ለማየት ወጣሁ። እማማ በላይነሽ ቀና ብለው፣ ምንም ሳይጎነበሱ ገቡ። መሃል ሲደርሱ ቆሙ። ከወዲያ በኩል እማማ ትርንጎ መደገፊያቸውን እየገፉ ይመጣሉ።

"ወዴት ነው?" አሉ እማማ በላይነሽ ደንግጠው።

"ወዴት ይሆናል፣ አንቺ ቤት ነዋ።"

"እኔ እኮ ወደ አንቺ እየመጣሁ ነው!"

"ሁልጊዜ አንቺ! ተመለሺ፣ ዛሬ እንግዳዋ እኔ ነኝ።"

"ቤቱን አላሰናዳሁም።"

"አይቼው ልሙት፣ ተመለሺ ብያለሁ!"

ከኋላቸው የሕፃን ጋሪ የያዙ ባልና ሚስት፣ ከፊታቸው አንድ ሯጭ ቆመው ይጠብቃሉ። ሁለቱም እህትማማቾች ንቅንቅ አላሉም። እኔ ግንቡን ተደግፌ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። በመጨረሻ ታላቅየዋ አሸነፉ።

እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ መንገድ ሳልፍ ትንሽ ያናድደኛል። ሰው የሚሄድበትን ለማወቅ ሰውን መጠየቅ በቂ ነበር። ደስታዬ ግን ይበልጣል። እኔ አሁንም ሥራ ቀይሬያለሁ፤ ስድስተኛው ላይ ነኝ። እማማ ትርንጎ ደግሞ በሳምንት ሦስት ጊዜ ይመጣሉ። እማማ በላይነሽ "እህቴ ማረፊያ አሳጣችኝ" እያሉ ለሰፈሩ ሁሉ ያማርራሉ። ሲያማርሩ ፊታቸውን ማየት ነው።