የሐትኖይ አልጋነሽ ሸረሪት

ልጅ ሆኜ፣ ክረምቱ ወጣ ሲል፣ ቃላሚኖ አጠገብ ያለው ሜዳ ገና ቤት ሳይሞላው፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሥራዬ ፌንጣ መያዝ ነበር። እርጥብ ሣርና እበት በሚሸተው ሜዳ ላይ በሆዴ እየተሳብኩ በእፍኜ አፍናቸዋለሁ፤ ሲፈራገጡ መዳፌን ይኮረኩሩኛል። የምይዛቸው ለሐትኖይ አልጋነሽ ነበር። ሐትኖይ በእኛ አገር የእናት እህት ናት። አባቴ የወሎ ሰው ስለሆነ ቤት ውስጥ የምናወራው አማርኛ ቢሆንም፣ እሷን በሌላ ስም ጠርቻት አላውቅም።

እኛ ቤት የመጣችው ባሏ ሀፍቶም "መካን" ብሎ ከነሻንጣዋ ካስወጣት በኋላ ነው። ቃሉን መጀመሪያ ያወጡት እናቱ ናቸው ይባላል። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ሴት አስገባ። ሐትኖይ አላለቀሰችም። አንድ ቀን ከጓሮ ድንጋይ ስታነሳ መዳፍ የምታህል ጠጉራም ሸረሪት አገኘች። እናቴ በጫማ ልትመታት ስትል "ተያት፣ የእኔ ናት" አለችና በማርማላታ ጠርሙስ ከተተቻት። ክዳኑንም በምስማር በሳችው።

አመሻሽ ላይ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለን እናበላታለን። ሐትኖይ ፌንጣውን ትቀበለኝና የኋላ እግሮቹን ቀጭ ቀጭ አድርጋ ትነቅላለች። "እንዳይዘል ነው፣ ጓለይ" ትለኛለች፣ ልጄ እንደማለት፣ በለሰለሰ ድምፅ። ከዚያ ስም አውጥታለት ጠርሙሱ ውስጥ ትጥለዋለች። ወፍራም ፌንጣ ሀፍቶም ነው። በረሮ ሲገኝ አማቷ ናቸው። በአዲሲቱ ሚስት ስም ግን አንድም ቀን ጥላ አታውቅም፤ ስጠይቃት "እሷ ምን አደረገችኝ?" አለች። ሸረሪቷ መጀመሪያ ዝም ትላለች። ፌንጣው እየተጎተተ ጥግ ሲይዝ ድንገት ትሰፍርበታለች። ጆሯችንን ጠርሙሱ ላይ ለጥፈን ስታኝከው እንሰማለን። ሐትኖይ የምትስቀው ያኔ ብቻ ነበር። እኔም አብሬያት እስቃለሁ፤ ደስ ይለኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ።

በዓመቱ ሀፍቶም ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። አዲሲቱም አልወለደችለትም፤ ይባስ ብሎ ጥላው ሄዳ ከሌላ ሰው አርግዛለች። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አጣፍተው "ሰይጣን አሳስቶት ነው፣ ልጄ። ይቅር በዪውና ወደ ቤትሽ ግቢ" አሏት። እሱ ዐይኑን ከመሬት አላነሳም።

ሐትኖይ ጠርሙሱንና ያን ቀን የያዝኩትን ፌንጣ እንዳመጣላት ላከችኝ። ሁሉም እያዩ እግሮቹን ነቀለችና ወደ ሀፍቶም ዘረጋችው።

"የዚህን ስም ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"ሀፍቶም ነው" አለችና ጠርሙሱ ውስጥ ጣለችው።

ሽማግሌዎቹ አማተቡ። እናቴ "ዋይ ኣነ!" ብላ ፊቷን ሸፈነች። ሀፍቶም ግን እስኪያልቅ ድረስ ተመለከተ። ከዚያ ጠርሙሱን ነጠቃትና ሲሚንቶው ላይ ከሰከሰው፤ ሸረሪቷን በጫማው ረገጣት፤ ከሞተችም በኋላ ደጋግሞ ረገጣት። ሐትኖይ እግሩን አየችና "አሁን ጨርሰናል። ሂድ" አለችው። ሄደ። ዳግም አልመጣም።

ዛሬ ያ ሜዳ ከዳር እስከ ዳር ቤት ነው። ሐትኖይ አርጅታ ሮማናት አካባቢ ትንሽ ሱቅ ይዛለች፤ ለልጆች ከረሜላ ታድላለች። ሀፍቶም ሲሞት እንኳ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለቅሶ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ "እንዴት ያለች ደግ ሴት!" ይላል። እኔም እውነት ነው እላለሁ። ባሌ በረባ ባልረባው ሲጮህብኝ፣ እኔም አንገቴን ደፍቼ ዝም ስል ግን፣ የምትናፍቀኝ ያቺ ጨካኟ ሐትኖይ ናት።