አማቴና ጣሪያዋ የሚከፈተው መኪና

ታናሽ እህቴ ከሳን ሆዜ ወደ ሚልፒታስ ቤት ስትቀይር ዕቃዋን የምትጭንበት አጣችና መኪና ተቀያየርን። እሷ የእኔን አሮጌ ትልቅ ኤስዩቪ ወሰደች፤ እኔ ጣሪያዋ የሚከፈተውን አዲሷን ትንሽ መኪና ይዤ ኦክላንድ ገባሁ።

የእኔዋ መኪና ቤት ማለት ናት። ልጆቼ አድገውባታል፤ የቤተ ክርስቲያናችንን መዘምራን ልብስና ድምፅ ማጉያ ጭና ስንቴ ኮንኮርድ ደርሳ ተመልሳለች። ስትነሳ ታጓራለች፤ ዳገት ሲገጥማት መጀመሪያ ታስብበታለች። እላይዋ ተቀምጬ መንገዱን አየዋለሁ እንጂ መንገዱ ላይ ያለሁ አይመስለኝም። የእህቴ መኪና ግን መሬቱን ልትነካ ምንም አይቀራት፤ ድምፅም የላትም። መሄዷን የማውቀው ዛፎቹ ወደ ኋላ ሲቀሩ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አብረውን የሚኖሩትን አማቴን ትንሽ ነፋስ እንዲያገኛቸው ይዣቸው ወጣሁ። አማቴ በትልቋ መኪና ሁልጊዜ ከኋላ ነው የሚቀመጡት። “የፊቱ የልጄ ቦታ ነው” ይላሉ፣ ባለቤቴ አብሮን ባይሆንም። እኔም ስናወራ የማያቸው በመስታወት ነበር።

“እማማ፣ ይቺ ሁለት ወንበር ብቻ ነው ያላት። እኔ ጎን ይቀመጡ” አልኳቸው።

ነጠላቸውን አገጫቸው ሥር አስረው ቀስ ብለው ገቡ። ትከሻችን ተነካካ።

ጣሪያውን ከፍቼ ወደ ኮረብታው ወጣን። የባሕር ዛፉ ሽታ ከላይ እየወረደ ሞላብን። ብርሃንና ጥላ እየተፈራረቁ ጉልበታችን ላይ ያልፋሉ። ከታች ባሕረ ሰላጤው የተኛ ይመስል ነበር። አማቴ ወደ ፊት እያዩ ማውራት ጀመሩ። ሙሽራ ሆነው አሰላ የገቡት በጭነት መኪና፣ የገብስ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ነበር።

“ፊትሽን ተሸፈኚ አሉኝ። መንደሩን ስናልፍ ገለጥኩት። ሰማዩ በሙሉ የእኔ መሰለኝ” አሉ። ይህን ለልጃቸው እንኳ ነግረውት እንደማያውቁ ጨመሩ።

ፍጥነቴን ቀነስኩ።

ከባሕረ ሰላጤው ድልድይ ማዶ ጉም መጣ። ጣሪያውን ልዝጋው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

“ተይው ልጄ። ትንሽ እንሂድ።”

ሄድን። ጉሙ መንገዱን፣ ቤቶቹን፣ በመጨረሻም የመኪናዋን አፍንጫ ሸፈነው። ነጠላቸው ደቃቅ ጠብታ ያዘ። እጃቸውን በመስኮቱ በኩል አውጥተው ጉሙን ሲዳስሱት አየሁ፤ ጨርቅ እንደሚመርጥ ሰው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እህቴ መኪናዬን አመጣች። እሷም ወዳታለች፤ ፍሪዌይ ላይ እንዲያ ከፍ ብላ ስትነዳ ማንም እንዳልተጋፋት ነገረችን። ቁልፍ ተለዋወጥንና ትንሿ መኪና ያለ ድምፅ ሄደች።

አማቴ በር ላይ ቆመው እስክትታጠፍ ድረስ በዓይናቸው ሸኟት።

“እህትሽ፣” አሉኝ፣ “ከድሮ ቤቷ ገና ያልወሰደችው ዕቃ የለም?”