ዘጠነኛው ድንጋይ

ሴሲሊ ከአጋውን መንደር በላይ ባለው ሸንተረር ጎደሬ መትከል ከጀመረች አርባ ዓመት አልፏታል። ሸንተረሩ የአባቷ ነው፤ ማስረጃው ደግሞ ወረቀት ሳይሆን ታሪክ ነው። የመጀመሪያው አያት ወደ ሸንተረሩ ሲመጣ በመንገዱ ያረፈባቸውን ዘጠኝ ድንጋዮች በአገሩ ቋንቋ በዳጋ፣ ተራቸውን ሳይስት የሚጠራ እሱ ባለመሬት ነው። አባቷ ሲያስተምራት፣ «ስምንቱን ለጠየቀሽ አጫውቺ፤ ዘጠነኛውን ግን ለዳኞች አቆዪው። ሌባ የሚያዘው እዚያ ላይ ነው» ብሏት ነበር።

እሷ የወለደችው የለም። እህቷ በወሊድ ስትሞት የተረፈውን ልጇን ደንስታንን ወሰደች፤ ጎደሬውን በጥርሷ እያላመች እያጎረሰች አሳደገችው። በአሥር ዓመቱ ወባ ሲያንዘፈዝፈው፣ ሕመሙን እንዲረሳ ብላ ታሪኩን እስከ ዘጠነኛው ድረስ አጫወተችው። ሞኝ ነበረች ማለት ይቀላል። እናት ነበረች እንጂ።

ዘንድሮ ሸንተረሩ ላይ የስልክ ማማ ሊቆም ሆነና ኪራይ የሚከፈለው ባለመሬት ይለይ ተባለ። የመንደሩ ሽማግሌዎች ለዳኝነት ተቀመጡ። ደንስታን ቀድሞ ሲነሳ፣ ሴሲሊ ስለ እሷ የሚናገር መስሏት ደስ አላት።

«አያቴ መሬቱን ያወረሰው ለኔ ነው» አለ፤ ዘጠኙንም ድንጋዮች አንድ ሳይስት ጠራ። ድምፁ እንኳ የሷ ነበር፤ እሷ ስትተርክ ትንፋሽ የምትወስድበት ቦታ ላይ ነው እሱም የወሰደው።

የሽማግሌዎቹ አለቃ ወደ እሷ ዞረ። «እሱ ያላለው የምትጨምሪው አለ?»

«ዘጠነኛውን የነገርኩት እኔ ነኝ።»

«ዘጠነኛው ለወራሽ ካልሆነ ለማን ይነገራል? ነገርኩት ካልሽ አውርሰሽዋል ማለት ነው።»

ከኋላ አንዱ «አሮጊቷ በገዛ አፏ ተረታች» ብሎ ሳቀ። ያጎረሰ እጅ ተነከሰ ሲባል ሰምታለች፤ የነካሹን ጥርስ እንዲህ አውቀዋለሁ ብላ ግን አላሰበችም።

ደጅ ላይ ደንስታን ተከተላት። «አክስቴ፣ አትቀየሚኝ። ማሳሽን ማን ይነካዋል? እንደ ድሮሽ ትተክያለሽ።»

«አክስቴ አልከኝ?» አለች። እስከዚያ ቀን እማ ነበር የሚላት።

በማግስቱ መንደሩ ሁሉ ወደ ማሳ በሚወጣበት ሰዓት፣ ሴሲሊ መቆፈሪያ እንጨቷን ይዛ እርሷ ራሷ ያጠረችው አጥር ጋ ቆመች። አልገባችም። እንግዳ የሰው መሬት ሲደርስ እንደሚያደርገው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ባለቤቱን ጠራች።

«ደንስታን፣ ልግባ ወይ?»

መንገደኛው ሁሉ ቆመ። ደንስታን ማሳው መሃል ሆኖ ሰምቷታል። ቀና አላለም፤ እሷም መልሱን እየጠበቀች ከአጥሩ ውጭ እንደቆመች ቀረች።