በርሜሉና የሙቀት መለኪያው

ኮሮና በገባበት ዓመት ዲላ ውስጥ ከበሽታው ቀድሞ የተዛመተው ኮሚቴ ነበር። እኔንም የሒሳብ መምህር በመሆኔ ብቻ ለአንዱ መለመሉኝ። ሥራችን የመከላከያ ዘዴዎችን ማወዳደር፣ የትኛው በትንሽ ወጪ ብዙ ሰው እንደሚያድን መለየት ነበር። ጥያቄው ቁም ነገር ነው፤ አልቀልድበትም። የምቀልደው በመለስንበት መንገድ ነው። መስኮቱ በተዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን፣ ማስካችንን አገጫችን ላይ አንጠልጥለን፣ ስለ አካላዊ ርቀት ስንወያይ እንውል ነበር። ሻይ ሲመጣ ደግሞ ሳምቡሳውን ሁላችንም ከአንድ ሳህን እናነሳለን።

ሰብሳቢያችን ሰሌዳው ላይ «ወጪ» እና «ውጤት» የሚሉ ሁለት ዓምዶች አሰመረ። «ገበያ መዝጋት» ከሚለው ጎን «ወጪ የለውም» ብሎ ጻፈ። እውነቱን ነው፣ ገመድ መወጠር ምን ወጪ አለው? ከገጠር ጎመንና አቮካዶ ተሸክመው የወረዱት ሴቶች ዕቃቸው ሲበሰብስባቸው የኮሚቴው ኪስ አልተነካም፤ ስለዚህ ወጪ አልነበረም። ቀጥሎ በከተማው መግቢያ፣ በጪጩ በኩል የሚገባውን መኪና ሁሉ ጎማ በክሎሪን መርጨት መጣ። ሰው ተጠቅጥቆ ሲሳሳልበት የመጣ ሚኒባስ ጎማው ይረጭና «እለፍ» ይባላል። ጎማ ሲያስነጥስ ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ሦስተኛው ዘዴ ግን እኔንም የሚነካ ነበር፤ በየቡና ማጠቢያ ጣቢያው በር ላይ ግንባር የሚለካ ሰው ማቆም። ታላቅ እህቴ ኢዲዶ የሚባል ገጠር ካለው አንዱ ጣቢያ ቡና ትለቅማለች። ቡናው የሚሰጣበት ማድረቂያ አልጋ ዳር ከሌሎች ሴቶች ጋር ክንድ ለክንድ ገጥማ፣ የተበላሸውን ፍሬ ከደህናው ስትለይ ትውላለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው በዚሁ የቀን ሥራ ነው። አንድ ቀን የቀረች ሴት በማግስቱ ቦታዋን ሌላ ይዛው ታገኛለች። ስለዚህ እዚያ የሚታመም ሰው የለም፤ ሳል የመጣባት በነጠላዋ ጫፍ አፏን አፍና ትውጠዋለች።

«ያመማት ሴት ቦታዋ ይጠበቅላት፣ የቀን ሒሳቧ እየተከፈላት ቤቷ ትተኛ» ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። «አስልቼዋለሁ፣ ከጎማ ርጭቱ ይረክሳል።»

«መምህር፣ ለተኛ ሰው ከከፈልንማ ነገ ወረዳው በሙሉ ይስላል!» አለ ሰብሳቢው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሳቁት ሰዎች መካከል ተቀምጦ ለዋለበት አበል ያልፈረመ አልነበረም።

አንድ እሁድ በሞተር ሳይክል ኢዲዶ ወጣሁ። እትዬ የበሩን ነገር እየሳቀች አወራችኝ። ሴቶቹ እንዳይረፍድባቸው አቀበቱን እየሮጡ ወጥተው በሩ ላይ ሲደርሱ ግንባራቸው ይግላል፤ መለኪያው ይጮሃል። ዘበኛው ሁሉንም ቢመልስ ቡናውን ማን ይለቅመዋል? የእጅ መታጠቢያው በርሜል ከመለኪያው ቀድሞ ተተክሏል። «ፊት ታጠቡና ኑ!» ይላቸዋል። ይታጠባሉ፣ ይቀዘቅዛሉ፣ ይለካሉ፤ ሁሉም ደህና።

«ባለፈው አንዷ ትኩሳት ይዟት እየተንቀጠቀጠች ገባች እኮ፤ አጠገቤ ነው የቆመችው» አለችኝ። ሳቋ እዚያ ላይ ቆመ።

«ታዲያ ለምን ወደ ቤትሽ አልሄድሽም?»

«ሄጄ ልጆቹን ምን ላብላቸው? ኮሚቴህን?»

በማግስቱ ለኮሚቴው ተናገርኩ። በርሜሉ ከመለኪያው ወዲያ ይሁን፣ ሌላ ምንም አልጠይቅም አልኩ። ሰብሳቢው መመሪያውን ገለጠ። «መጀመሪያ መታጠብ፣ ቀጥሎ መለካት ነው የሚለው» አለና ወደ ሪፖርቱ አለፈ። በቡና ጣቢያዎቹ በር ላይ ትኩሳት ያለበት ሰው እስካሁን አልተገኘም፤ ዘዴው በአነስተኛ ወጪ ከፍተኛ ውጤት አስገኝቷል። ጭብጨባው ደመቀ። ያን ቀን ከልቤ ጠላኋቸው፤ ጥላቻው ዛሬም አልተወኝም።

ብዙም ሳይቆይ እትዬን አተኮሳት። እንደ ሌሎቹ በርሜሉ ጋ ፊቷን እየታጠበች ገባች፤ መለኪያው ደህና ነሽ እያለ አሳለፋት። ለእኔ የተደወለልኝ መተንፈስ ሲያቅታት ነው። ሐኪም ቤት አደረስናት፤ አልሰነበተችም። ሪፖርቱ ላይ የእሷ ሞት የሚገባበት ዓምድ አልነበረም። «ወጪ» ስር እንዳይጻፍ የከፈልነው እኛ ቤተሰቦቿ ነን፣ «ውጤት» ስር ደግሞ ማን ይጽፈዋል?

ለቅሶው ዲላ፣ ወላጆቻችን ግቢ ሆነ። ኮሚቴው አልቀረም፤ እኛ ቀብር ላይ ሳለን በራችን ላይ በርሜል ተክሎ፣ ከበርሜሉ ወዲያ መለኪያውን ይዞ ጠበቀን። የእህቴን ልጆች በሁለት እጄ ይዤ ከቀብር ተመለስኩ። ከቀብር የመጣ ሰው እጁን ይታጠባልና ልጆቹን አስታጠብኩ፣ እኔም ታጠብኩ፤ ፊቴ እንባ ብቻ ስለነበር እሱንም ተለቃለቅሁ። ሰብሳቢው ራሱ መለኪያውን ግንባሬ ላይ ደገነ። ቁጥሩን አየና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«ደህና ነህ መምህር» አለኝ። «ምንም የለብህም፣ ግባ።»